የእትዬ አስካለ ቆጣሪ

ሀና ማርያም ተከራይቼ ስኖር መብራት የምንከፍለው በአምፖል ቁጥር ነበር፤ ምድጃ መሰካት ክልክል ነው። አከራዬ እትዬ አስካለ በርጩማቸውን ቆጣሪው ሥር አድርገው፣ ውስጡ የምትዞረዋን ክብ ብረት ሲጠብቁ ይውላሉ። ላምባ ሲወደድብኝ ግን ጨከንኩና አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ደብቄ አስገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ሽሮዬ ተንተክትኮ ሊወርድ ሲል እትዬ አስካለ ግቢውን በጩኸት ቀወጡት። «ኧረ ቆጣሪው በረረ! ማነው ምድጃ የሰካው?» ቶሎ ነቀልኩና ድስቱን አውርጄ፣ የጋለውን ምድጃ አልጋ ሥር ገፍቼ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ወጣሁ። እናንተ፣ ብረቷ ግን አሁንም ትከንፋለች! እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እትዬ አስካለ የተከራዩን ቤት ሁሉ በየተራ አንኳኩተው ሲያበቁ፣ የራሳቸውን መኝታ ቤት ከፈቱ። ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ እግራቸውን ወደ ምድጃ ዘርግተው ጋዜጣ ያነባሉ። «ምን ላድርግ አስኩ፣ ብርዱ እኮ ነው!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፣ ከቤቴ ጭስ ሲወጣ እስካይ ድረስ። ለካ የብርድ ልብሴ ጫፍ አልጋ ሥር ወርዶ ምድጃዋን ነክቷል። ሮጬ ገብቼ ውሃ ደፍቼበት ዞር ስል እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል። ቤቴን ልቀቅ ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን የድስቱን ክዳን ከፍተው አሸተቱ።

«በስሏል?»

«በስሏል፣ እትዬ።»

«በል እንጀራ አቅርብ፣ ታደሰንም ጥራው። በእኔ መብራት የተሠራ ወጥ ለብቻህ አትበላውም!»