እትዬ ሰፊዋና የፈሩት ሐኪም

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሰፊዋ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ይዘው ሆስፒታል ሲገቡ የተቀበለቻቸው አዋላጅ ነርስ የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ደስታቸው ወሰን አጣ። «አንቺ ቀዥቃዣ፣ አጥር ስትዘዪ የተቀደደ ቀሚስሽን ስንቴ ጣፍኩልሽ?» ብለው አገላብጠው ሳሟት። ትንሽ ቆይቶ ግን ይህችው ቀዥቃዣ ኮስተር ብላ ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸው።

«እትዬ፣ የልጅዎ የደም ግፊት ከፍ ብሏል። ራስሽን ያምሻል ወይ ስላት እርስዎን አይታ ዝም ትላለች። ምን ብለዋት ነው?»

«ቻል አድርጊው ነዋ ያልኳት» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። መዋሸት አያውቁበትም።

«ሐኪም ትጠራለች ብለው ፈርተው ይሆን?»

«እሱ ከገባ ቢላው አይቀርም፣ የኔ ልጅ። አንቺም ገለል ትያለሽ። እኔ የማምነው አንቺን ነው።»

«ማን ገለል ይላል? ምጡን የምከታተለው፣ ሕፃኑንም የምቀበለው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ግፊቷን ይቆጣጠራል። ቀዶ ጥገና ካስፈለገም አብሬያት እገባለሁ።»

«ከጠራሽውማ አልቻለችም ይሉሻል።»

«እንደሱ የሚሉኝ መጥራት ሲገባኝ ዝም ያልኩ ለታ ነው። እትዬ፣ ከፍ ባለው ግፊት ላይ ራስ ምታት ከታከለበት ልጅዎ ራሷን ስታ ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። እሷንም ሕፃኑንም ልናጣ እንችላለን። እባክዎ ይንገሩኝ።»

እትዬ ክንዷን ያዙ። «ከጠዋት ጀምሮ ያማታል። ዓይኔም ብዥ አለብኝ ብላለች።»

ሐኪሙ እየሮጠ ደረሰ። እትዬ መጀመሪያ ያዩት እጁን ነበር፤ ባዶ ነው። መርፌ አዘዘና «ምጡስ እንዴት እየሄደ ነው?» ብሎ አዋላጇን ጠየቃት፤ ስትመልስለትም እስክትጨርስ አዳመጣት። ሐኪም ነርስን እንዲህ ሲያዳምጥ እትዬ አይተው አያውቁም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ግፊቱን እየተከታተለ፣ ሕፃኗ ያለ ቢላ፣ በአዋላጇ እጅ ላይ ተወለደች።

ከአጠገቧ የማትለይ አዋላጅና ሲጠራ ፈጥኖ የሚደርስ ሐኪም ያላት እናት ታድላለች። ምጡ ደህና ከሆነ ያለምክንያት አትነካም፤ ከከፋም ጊዜ አይባክንባትም። ይህ እንዲሆን ግን የሚሰማትን ሁሉ መናገር አለባት፤ ቤተሰቦቿም ሊያናግሯት እንጂ ዝም ሊያሰኟት አይገባም።

እትዬ ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው አለቀሱ። «ይቅር በይኝ፤ አፍሽን ያስዘጋሁሽ እኔ ነኝ።»

«ተይው እማዬ» አለች ልጅቷ እየሳቀች፤ «ከተወለድኩ አንድ ቀን ብታዘዝሽ፣ እሱም ሊገድለኝ ነበር።»

እትዬ በእንባቸው መሃል ሳቁ። ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «አንቺስ አትታዘዢኝ» አሏት።