ከሰላምታ በፊት

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ከባሕሩ በኩል የመጣ ካፊያ በእስራኤል የኔታንያ ከተማ ገበያን ጣሪያ ያረጥባል።

ሊራዝ ሽንኩርት ስትመርጥ ከጀርባዋ አንድ ድምፅ ሰማች። አንድ ሽማግሌ የመደቡን ባለቤት ያኮቭን ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱም ሳይቀር በአማርኛ ይጠይቁታል። ያኮቭ አማርኛም ከብትም የለውም፤ እየሳቀ ራሱን ይነቀንቃል።

ፊታቸውን አይታ አታውቅም። ድምፃቸውን ግን ለየችው፤ ከስምንት ወር በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰኔ፣ እርሷንም በስልክ ስለ ከብቷ ጠይቀዋት ነበር። ያኔ ሞኬዱ፣ የድንገተኛ ጥሪ መቀበያው፣ አማርኛ ስለምታውቅ ብቻ ከስልኩ ፊት አስቀምጧት ነበር። ሽማግሌው አለነ የደወሉት ባለቤታቸው ባንች ቢወድቁባቸው ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ባንች ዐርፈው ነበር። አሁን ሊራዝ የአለነን ፈቃድ የሚጠይቅ አንድ ወረቀት በቦርሳዋ ከያዘች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ቤታቸው ለመሄድ ግን አልደፈረችም።

«አባ አለነ፣ ያን ቀን ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ።»

ዘንቢላቸውን አስቀምጠው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺ ነሽ? ልዤ፣ ዕድሜ ይስጥሽ! ለቀብር ለመጣው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ የተቀጣች ልጅ አነሣችልኝ፣ ሰላምታዬን እስክጨርስ ጠበቀችኝ ብዬ።»

ምስጋና ከወቀሳ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ሊራዝ ዘንቢሉን አንሥታ ዝናብ ወደማይደርስበት አግዳሚ ወሰደቻቸው።

«አሁን ኩርስ፣ ሥልጠና ላይ ነኝ፤ ከእንግዲህ ሳይሠለጥንና የምስክር ወረቀት ሳይዝ ስልክ የሚያነሣ የለም።»

«ስልክ ማንሣትም ትምህርት ሆነ? እኔ ፊደል ያልቆጠርሁት አነሣው የለም?»

«መጀመሪያ የት እንዳሉ እንጠይቃለን። ቀጥለን በሽተኛው ይተነፍስ እንደሆነ። ሰላምታ የለም።»

«ሰላምታ የለም!» አሉ አለነ። «ልጅ ተነሥታ ሽማግሌን ሚስትህ ትተነፍሳለች ወይ ትበል? ይህ ሟርት ነው እንጂ ትምህርት ነው?»

«እኔም እንዲሁ አስቤ ነው ያልጠየቅሁዎ። እርስዎም ትንሽ ደከም ብሏታል አሉኝ።»

«ታዲያ ለማላውቃት ልጅ መርዶ ልንገር? አትደነግጪም?»

«እርስዎ እንዳልደነግጥ ፈሩልኝ፤ እኔም እንዳላስደነግጥዎ ፈራሁ። እማማ ባንች በመካከላችን ወለሉ ላይ ነበሩ።»

ሽማግሌው ወደ እርሷ ዞሩ።

«ጠይቀሽኝ ቢሆንስ?»

«አትተነፍስም ይሉኝ ነበር። አምቡላንሱ እስኪደርስ ደረታቸውን በሁለት እጅዎ እንዲጫኑ በስልኩ እቆጥርልዎ ነበር።»

አለነ እጃቸውን ተመለከቱ። «በአንዱ ስልኩን ይዤ ነበር። በሌላው ነጠላዋን አስተካክል ነበር።» ቀጥለውም፦ «ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም። አስተማሪያችንም አላውቅም ነው ያለችው።»

ይተርፉ ነበር ብትላቸው ባላመኗት፣ ወይም ባመኗትና በተሰበሩ። ልባቸውን የከፈተው ይህ «አላውቅም» ነው። ሊራዝም ወረቀቱን አወጣች።

«የተነጋገርነው ተቀድቷል። ለሚመጡት ሠልጣኞች እንዲሰማ ፈቃድዎን እለምናለሁ። እምቢ ካሉ አይሰማም።»

«ሞኝነቴን ለዓለም ላሰማ?»

«ጨዋነት ነው እንጂ ሞኝነት አይደለም። ጨዋን ሰው እንዴት እንደሚጠይቁት ያላወቅሁት እኔ ነኝ። የሠለጠነ ሰው የሚጮኸውንም የሚያለዝበውንም፣ ጎንደሬውንም ሩሲያዊውንም ያንኑ ይጠይቃል፤ ማፈሩም መፍራቱም ይቀራል።»

«እንግዲያ ክፋር ዮና ያለችው እኅቴ ብዙዓየሁ ደውላ ደኅና ነኝ ብትል፣ ያች ልጅ አታምናትም?»

«አታምናቸውም። ትጠይቃቸዋለች።»

«ትጠይቃት» አሉ አለነ። «እኔም ቅዳሜ በምኩራብ ለሽማግሎቹ እነግራለሁ። ስትደውሉ መጀመሪያ ቤታችሁን ንገሩ፣ የሆነውንም አታለዝቡ፤ ሰላምታው ልጅቷን በአካል ስታገኟት ይደርሳል እላለሁ።»

እስክሪብቶውን ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ ለፊርማ የለመዷትን ምልክት ቀስ ብለው አኖሩ።

«የኔን ስም ተዉት። የባንችን ግን አትደብቁት።»

በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሠልጣኞች ቅጂውን ሰሙ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው፤ ሰላምታው ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ይወስዳል።