ሣጥኑ ያልሰማው በርሜል

ኑማ ጠጋ በሉ። ያኔ ኅዳር ነው፤ ሩዜ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። ቤቴን የተከራየችው መሐንዲስ የመውቂያ ማሽን ነድፋ በብረት በያጅ አሠርታልኝ፣ እሷን አምኜ በሬዎቼን ለአማቼ አውሻለሁ። ማሽኑን አስቀድማ በኮምፒውተር አሳይታኛለች፤ ነዶውን የሚወቃው በርሜል ሣጥኑ ውስጥ ሲሽከረከር በዓይኔ አይቻለሁ። አውድማው ላይ ግን በርሜሉ በሁለት ጣት ሰፍቶ ሣጥኑ ውስጥ አልገባም አለ። በጣና በኩል ደመናው ጠቁሯል።

ኮምፒውተሯን ከፍታ አየች። «እማማ፣ በርሜሉን ሰፋ አድርጌ እንደገና ስዬው ነበር። በያጁ አዲሱን ሠራ። ተገጣጥሞ የሚታየው ሥዕል ግን አሁንም የያዘው አሮጌውን ነው።»

«ታዲያ ሲዞር ያሳየሽኝ?»

«አሮጌው።»

«ለሣጥኑስ መስፋቱን ማን ነገረው?»

«ማንም።»

«እኔ ለድስቴ ክዳን ስገዛ ድስቱን ተሸክሜ ነው ገበያ የምወርድ፣ ልጄ» አልኋት። ትስቃለች ስል አለቀሰች።

በሬዎቹ እስኪመለሱ ዝናቡ ቀደመን። የክምሩ ግማሽ በቀለ፤ የዘር ሩዝ ከአማቼ ለመንሁ። እሷ በዓመቱ ሣጥኑን አስፍታ ወቃችልኝ፤ አሁን ባሕር ዳር ነች፣ ወልዳለች። በያጁ ከበርና ከመስኮት ሌላ አልበይድም ብሎ ሐሙሲት ከተማ ገባ።