ጋሽ ጎሹ ጽፈው እስኪጨርሱ

ዝናቡ መንገድ ላይ ባይዘኝ ኖሮ ጋሽ ጎሹ ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ አልጠለልም፤ እንደዚያ ጨጓራዬም አይላጥም ነበር።

ጋሽ ጎሹ ዲላ ሠላሳ ዓመት ኖረው የአገሩን ቋንቋ ጌዴኡፋ መማር የጀመሩት ዘንድሮ ነው። ልጃቸው ልዑልሰገድ የገደብ ከተማ ልጅ ወዶ ቅዳሜ ሽማግሌ ይላካል። የልጅቷ አባት አቶ እንድርያስ ደግሞ አማርኛቸው አልጠና ብሏቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ በቴሌግራም እየተጻጻፉ ይለማመዳሉ።

«ፍሬ፣ ነይ እስቲ ይቺን እይልኝ» አሉኝ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው።

አየሁ። ሰላምታ ለሰውየው፣ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቹ፣ ለጎረቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለቡናው። ገና አልተላከም! ከላይ የአቶ እንድርያስ መልእክት ተደርድሯል፦ «ጎሹ ደህና ነው? ዝናብ አለች እዛ?» ቀጥሎ «አለህ?» ቀጥሎ «እሺ። ተወው።»

«ጋሼ! ሰውየውን እኮ ደጅ አቁመዋቸዋል!»

«የምን ደጅ?»

«ሲጽፉ እሳቸው ስልክ ላይ ‹እየጻፈ ነው› ይላል። ሲያቆሙ ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ልጅ የሚድር አባት ይሄን ሲያይ ምን ይበል?»

ደነገጡ። ግን እልኸኛ ናቸው። «ታዲያ ሰላምታ ሳላደርስ? ባለጌ ነኝ? በዚህ ሽበትስ ተሳስቼ ልጻፍና ይሳቅብኝ?»

«እሳቸው ሲሳሳቱ ሳቁባቸው?»

«ኧረ! ደስ አለኝ እንጂ።»

«ታዲያስ!»

«አንቺ ከሰባተኛ ክፍል የሸሸሽ፣ እኔን ልታስተምሪ!»

«ሸሽቼም ከናይሮቢ ልጅ ጋር በእንግሊዝኛ እጻጻፋለሁ። ታርመኛለች፣ አመሰግናለሁ፣ እቀጥላለሁ። ጋሼ፣ ደብዳቤ ይቆያል። እዚህ ግን ሰውየው ፊትዎ እንደተቀመጡ ነው። ቤትዎ የመጣ እንግዳ ‹አለህ?› ሲልዎት ግማሽ ሰዓት ዝም ይሉታል?»

እዚህ ላይ ተሸነፉ። እንግዳ ሲባል አይችሉም። ያን ሁሉ ሰላምታ አጥፍተው በጌዴኡፋ «አለሁ። እዚህም ይዘንባል። ቋንቋው ከብዶኝ ነው» ብለው ጻፉ። አንዷ ቃል ተሳስታለች፤ አውቄ ዝም አልኩ። ላኩና ስልኩን በአቡጀዲ ሸፈኑት።

ወዲያው ጮኸ። አቶ እንድርያስ ቃሏን አርመው፣ ሥሯ በአማርኛ እንዲህ ብለዋል፦

«እኔ መሰለኝ ልጄን አልፈልግ ብለህ። ለሽማግሌ እምቢ ልል ነበር።»

ጋሽ ጎሹ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ቋንቋ ተማሪ ከሆንክ አጭር ጻፍ፣ ቶሎ ላክ፣ ሲያርሙህ አትኩረፍ። ስህተት ይታረማል፤ ዝምታን ግን ማንም አያርምልህም። ጋሽ ጎሹም ገብቷቸዋል። እንዲያውም በዛ! ዝናቡ ካባራ በኋላ የገባች ሴትዮ ሦስት ሜትር ጨርቅ ብላ ቆማ ቀረች።

«ቆይ እናቴ» አሏት ቀና ሳይሉ፤ «አማቼ እየጻፈ ነው።»