የጋሽ ካሳዬ ጆሮ ባዶ የዋለባቸው ቀናት

ለመርሳ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ደሴና ወልዲያ ለሚመላለሱ ሾፌሮች፣ ለረዳቶቻቸውና ለሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት በሙሉ፦ ከሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመካኒኩ በጋሽ ካሳዬ ቀኝ ጆሮ ላይ ሲጋራ የማይገኝ መሆኑ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ለሃያ ሰባት ዓመት ያቺ ሲጋራ ከዚያች ጆሮ ተለይታ አታውቅም። ጋራዡ ታፔላ ስለሌለው፣ መኪና የተበላሸበት መንገደኛ ሲጠይቅ «ጆሮው ላይ ሲጋራ የሰካ ሰው ስታይ ቁም» ነበር የሚባለው። ውሳኔው ያለ ስብሰባና ያለ ግምገማ ተላለፈ፤ ጆሮዋም አስተያየት እንድትሰጥ ዕድል አላገኘችም።

ምክንያቱ ሰማንያ ቀን ሊሞላት የተቃረበ አንዲት ሴት ናት። የጋሽ ካሳዬ ልጅ ኤደን የበኩር ልጇን ለመውለድ ከደሴ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ሐምሌ ሲያልቅ ተገላገለች። ሕፃኗ ደረቷ ደካማ ሆነና ሁለት ጊዜ ታመመች፤ ሐኪሙም የሚያጨስ ሰው እንዳይቀርባት አዘዘ። ከዚያ ወዲህ አያት የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት ከጓዳው መጋረጃ ማዶ ቆመው፣ አንገታቸውን አስግገው ነው። ባለፈው እሑድ ግን ኤደን ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ክርስትናዋ የፊታችን እሑድ ነው። እስከዚያ ከተውክ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት አንተ ታቅፋታለህ። ካልተውክ የባሌ አባት ያቅፏታል።»

የባሏን አባት ጋሽ ካሳዬ አይወዷቸውም። ሲጋራ አያጨሱም፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

እነሆ ረቡዕ፣ ሦስተኛው ቀን። ረፋድ ላይ ጋሽ ካሳዬ ከጋራዡ ደጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። መንገዱ ከውርጌሳ በኩል እንደ ውሃ ይፈሳል። የጭነት መኪኖቹ የሚነዱ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። የብርቱካን ሻጮቹ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ ይመጣል። ቀኝ እጃቸው ሳይልኳት ወደ ጆሯቸው ትወጣለች፤ ባዶውን ዳብሳ፣ አፍራ ትወርዳለች፤ ወዲያው ትረሳና መልሳ ትወጣለች። ጠዋቱ ከነጋ ስንት ቀን እንደሆነው እሳቸውም አያውቁም።

ድንገት ተነሡና እንደ ሕልመኛ መንገዱን ተሻግረው ወደ ብዙነሽ ሱቅ አመሩ። ሱቁ ሊደርሱ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው አንድ ሞተር ሳይክል አስሎ፣ አስሎ፣ ፊታቸው ቀጥ አለ። ጋላቢው ያሬድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የማሽላ ዘር የሚፈትሽ፣ ሰው መምከር የሚወድ ወጣት።

«ጋሽ ካሳዬ! እግዜር ነው ያገናኘን። ሞተሩ እምቢ አለኝ።»

«እግዜር ከሆነማ አምስት ደቂቃ ይታገሠኝ። ሱቅ ደርሼ ልመለስ።»

ያሬድ ጆሯቸውን አየ። «ሲጋራዋስ የት ሄደች?»

«ትቻታለሁ።»

«እሰይ! መቼ?»

«ሰኞ። አሁን ደግሞ ልጀምር ነው።»

ያሬድ ሞተሩን ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ገፋው። «መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ፤ ሱቁ የትም አይሄድም። ግን ምን ሆነው ነው? ሦስት ቀን ማለፍ እኮ ትልቁ ፈተና ነው።»

ጋሽ ካሳዬ ቁና ቁና እየተነፈሱ ቁጢጥ አሉና ከኪሳቸው መፍቻ አውጥተው የሞተሩን እሳት ለኳሽ፣ ካንዴላውን፣ ፈቱ። ጥላሸት ለብሷል። ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ያሬድ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አሉት። «ደረትዎም እንዲህ ነው ልትለኝ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በሥዕል አሳይታኛለች።»

ያሬድ የተዘጋጀበትን ምክር ዋጠ። የተማረ ሰው ምሳሌውን ሲነጥቁት ያሳዝናል።

«ፈርሶብኛል» አሉ ጋሽ ካሳዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌሊቱን በሕልሜ አጨስኩ። ሁለት። ሁለተኛዋን ደግሞ እያጣጣምኩ።»

«ሕልም እኮ ነው!»

«አንተ ልጅ፣ ክርስቲያን አይደለህም? ሕልመ ሌሊት ያገኘው ሰው ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ይገባል?»

«ያ . . . ያ እንኳ ሌላ ዓይነት ሕልም ነው» አለ ያሬድ መሬት መሬት እያየ።

«ዓይነቱን ተወው፤ ደስታው አንድ ነው። እንግዲህ አንዴ ከፈረሰ ለምን እሠቃያለሁ? ለአንድ ፍሬ ሲጋራ ብዬ?»

ያሬድ አሰብ አደረገ። እሱም ተማሪ ሳለ ሲጋራን ሦስት ጊዜ ትቶ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሮ፣ በአራተኛው ነው የተላቀቀው፤ በሕልሙ ስንት ፓኮ እንደጨረሰ ራሱ ያውቃል።

«ይሁን ብያለሁ፤ አይግቡ። ግን ልጠይቅዎ፤ ቤተ ክርስቲያን መግባት ያልቻለ ሰው ያን ቀን ምን ያደርጋል?»

«ደጅ ቆሞ ያስቀድሳል።»

«‹ዛሬ ካልገባሁ ሃይማኖቴን ልተው› ይላል?»

«ኧረ ወዲያ! ምን በወጣው! ነገ ይገባል እንጂ።»

«እንግዲያው እርስዎም ዛሬን ደጅ ይቁሙ እንጂ የጀመሩትን አይተዉ፤ ነገ ይገባሉ።»

ጋሽ ካሳዬ ካንዴላውን በጨርቅ ማሸት አቆሙ። አንድ የበቆሎ መኪና ተንሳፎ አለፈ።

«ውስጤ ይጮኻል እኮ፣ ያሬድ። ይጠራኛል።»

«ይጠራል። እንደ ሚኒባስ ረዳት ነው፤ ‹አንድ ሰው! ሊወጣ ነው!› ይላል። ጥቂት ደቂቃ ይጮኻል፤ ካልተሳፈሩ ይሄዳል።»

«ሳይሞላ የሚሄድ ሚኒባስ መርሳ ላይ አይተህ ታውቃለህ?»

ያሬድ ሳቀ። «ይሄኛው ከእርስዎ ሌላ ተሳፋሪ የለውም። ቆሞ ምን ይሠራል? ተመልሶ ይመጣል፣ አዎ። ግን እየቆየ እየቆየ ነው የሚመጣው። እስኪያልፍ ውሃ ይጠጡ፤ እጅዎን ሥራ ያስይዙት።»

«ጭንቅላቴስ? ጭጋግ ሞልቶታል። ትናንት የጎማ ብሎን ማጥበቅ ረስቼ ሾፌሩ ነው የጠራኝ።»

«ሞተር አውርደው አድሰው ሲያስረክቡ ለሾፌሩ ምን ይሉታል?»

«የመጀመሪያውን ሰሞን ቀስ ብለህ ንዳ፤ ቢያንቋቋም አትደንግጥ።»

«ታዲያ?»

ጋሽ ካሳዬ ቀና ብለው አዩት። ሃያ ሰባት ዓመት ለሰው የሰጡት ምክር ዞሮ ለእሳቸው ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ካንዴላውን መልሰው አጠበቁ፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሣ። ከዚያም ሱቁ ደጅ ሄደው ቆሙ። ደፉን አልረገጡም።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ያችኑ ልስጥዎ?» አለች ብዙነሽ፣ ፓኮውን እየከፈተች።

«ብርቱካን» አሉ። «ስድስት።»

ኀሙስና ዓርብ በብርቱካን ልጣጭ ተሸፍነው አለፉ። ይህን የሚያነብ ሰው ነገሩ የተመቸ እንዳይመስለው፤ ኀሙስ ዕለት ጋሽ ካሳዬ መፍቻ ወርውረዋል፣ ዓርብ ዕለት ያለ ምክንያት አልቅሰዋል፣ ሌሊት ሌሊትም በሕልማቸው ማጨሱን አልተዉም። ጠዋት ጠዋት ግን ያሬድ እንደመከራቸው ደጅ ይቆማሉ፤ ጥሪው ያልፋል። ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና በደጃቸው ሲያልፍ ከጎማቸው ብድግ ብለው «ቁም! ፍሪሲዮንህ እየተቃጠለ ነው!» ብለው ጮኹ። ሾፌሩ ምንም አልታወቀውም ነበር፤ ረዳቱም አልሸተተውም። ወርደው ሲያዩት እውነት ነው። ጋሽ ካሳዬ አፍንጫቸውን ይዘው ቀሩ። የአፍንጫቸው መመለስ፣ ደረጃ ሲወጡ የትንፋሻቸው መርዘም፣ የሽሮው ጨው መሰማት፣ ሁሉም አንድ በአንድ መምጣት ጀመረ።

እሑድ ጠዋት ሕፃኗ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ማዕተብ አሥራ ወጣች። ኤደን አባቷ ፊት ቆመች፤ አንገታቸው ሥር ተጠግታ አሸተተቻቸውና፣ የባሏ አባት እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ልጅቷን ለጋሽ ካሳዬ ሰጠች።

ጋሽ ካሳዬ እስከ ቤታቸው ድረስ ለማንም ሰላምታ አልሰጡም። አፍንጫቸው ከሕፃኗ ራስ አልተነሣም። ሜሮኑ አለ፤ ከሜሮኑ ሥር ወተት፤ ከወተቱ ሥር ደግሞ ስም ያላገኙለት አንድ ሽታ። መንገዱ መፍሰሱን አቁሟል፤ መኪኖቹም መሬት ረግጠዋል።

ግብዣው ላይ ያሬድ ሳህኑን ይዞ፣ ብዙ ሰው በሚሰማበት፣ ጠጋ አላቸው።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ምን እንደተሰማዎት እስቲ ይንገሩን። ለሌላውም ትምህርት ይሆናል።»

ጋሽ ካሳዬ ከሕፃኗ ራስ ላይ ቀና ሳይሉ፣

«እኔ ተጠይቄም አልናገርም» አሉ።