ሳይተያዩ የተስማሙ አማቾች

ከበርክሌ ወደ ኦክላንድ በሚሄደው አውቶቡስ ሁለት የአገሬ ልጆች ከፊቴ ተቀመጡ። አበሻ መሆኔን አላወቁም መሰለኝ፣ ድምፃቸውን አልቀነሱም። አንደኛው ዝነኛ ዘፋኝ ሊያገባ ነው።

“አባባን ኮል አደረግህ?”

“አደረግኩ። ‘ሥራዋ ምንድን ነው?’ አሉኝ። ዘፋኝ ናት አልኳቸው። ‘አሜሪካ ድረስ የሄድከው አዝማሪ ልታገባ ነው?’ አሉኝ።”

“አገሩ ሁሉ እሷን ለማየት ይሰለፋል አትላቸውም?”

“‘ለአዝማሪ ሰው መሰብሰቡ ምን ይገርማል?’ አሉ።”

“ፕሬዚዳንቱ ፊት ዘፍናለች በላቸዋ!”

“ብያለሁ። ‘ንጉሥ ፊት ያልዘፈነ አዝማሪ የት አለ?’ አሉ።”

“ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ነው ያደገችው በላቸው።”

“‘ታዲያ ማን አስወጣት?’ አሉኝ።”

“አንተ ደግሞ፣ ዝም ብለህ አግባታ!”

“እምቢ ያለችው እሷ ናት። ያለ አባት ምርቃት አይሆንም ትላለች።”

“የእሷስ አባት?”

“ቄስ ናቸው። ዘፈን ካልተውሽ አልመርቅሽም ብለዋታል።”

“በቃ፣ ሁለቱ አማቾች ሳይተያዩ ተስማምተዋል!”

ሙሽራው አልሳቀም። አፕታውን የተባለው የኦክላንድ ሰፈር ስንደርስ ለጓደኛው በመስኮቱ አሳየው።

“ያቻትልህ፣ ቲያትር ቤቱ በር ላይ ሰቅለዋታል።”

እኔም ፎቶዋን አየሁና ሳላስበው ባርኔጣዬን አነሳሁላት።