የሚሄደው የበረዶ ተራራ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ነኝ። አንዲት እናት፣ ከሞስኮ ተምሮ መመለሱን ገና የነገራቸውን ወጣት ይዘው ይጠይቁታል። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ጆሮዬን ጣል አድርጌያለሁ።

«ልጄም እዚያው አገር የበረዶ ተራራ ያጠናል። ተራራው ይሄዳል አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«አዎ እማማ፣ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንሸራተታል።»

«ውይ ልጄን! ይኸው የላከው ትምህርት ሚኒስቴር ሄጄ መልሱልኝ ልላቸው ነው።»

«እኮ በቀን ስንዝር ቢሄድ ነው! ልጅዎ እየተራመደ ያመልጠዋል።»

«እሱን አታውቀውም! ውሃ ቅዳ ስለው ከተራራውም ብሶ ይንቀረፈፍ ነበር።»

ታክሲው በሳቅ ሞላ።

«ለመሆኑ በረዶው ውስጥ ምን ይፈልጋል?»

«ቆሻሻ። የፋብሪካ ጭስ ከበረዶው ጋር ይወርድና ለብዙ ዓመት እዚያው ታሽጎ ይቀመጣል። በረዶው ሲቀልጥ ወንዝ ይገባል።»

«ታዲያ ይጠጣዋል?»

«ኧረ በጠርሙስ ቀድቶ ይመረምረዋል! ሰው እንዳይጠጣው ነው የሚለፋው።»

«ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ልጅ!» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሾፌሩ ዞር አለ። «እማማ፣ አራት ኪሎ ደርሰናል። ሚኒስቴሩ በዚህ በኩል ነው።»

«ሚኒስቴሩ ይቅር ልጄ፤ ሥላሴ ሄጄ ላመስግን።»

እኔም እንዲያልፉ ቦርጬን ወደ ውስጥ ስቤ፣ እስኪወርዱ ትንፋሼን ያዝኩ።